ጥርስ ማስተከል ለማን ይሆናል? አጥንቱን ጠይቁት

«በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ጥርስ ላስተክል?»

ይህን የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄ ይመስላል፣ ግን መልሱን ለራሳቸው ሰጥተው ጨርሰዋል። ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ እያኘኩ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው እየጋረዱ ዓመታት ያልፋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ወጣት የሆነ ሰው ይመጣና «እኔ ምንም የለብኝም፣ ዛሬውኑ ይተከልልኝ» ይላል።

እስቲ ሁለት ሰዎች በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። አንዷ የ72 ዓመት እናት ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቀው ይወስዳሉ። ስኳርም አለባቸው፣ ክትትላቸውን ግን አያቋርጡም። ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ። ሌላው የ34 ዓመት ወጣት ነው። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል። ሲቦርሽ ድዱ ይደማል። ማታ ጥርሱን ሲያፋጭ አብራው የምትተኛው ሚስቱ ትነቃለች። ከሁለቱ ለኢምፕላንት፣ ማለትም ለጥርስ ተከላ፣ የሚሻለው ማን ነው ቢባል፣ ብዙ የጥርስ ሐኪሞች እናትን ይመርጣሉ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ኢምፕላንት የሚባለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚተከለው ሥር ነው

«ጥርስ ተከላ» እንላለን እንጂ መጀመሪያ የሚገባው ሥሩ ነው። ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራች ትንሽ ብሎን ናት። ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ትገባለች። በላይዋ ማያያዣ ይታሰርባታል። በማያያዣው ላይ ደግሞ ክራውን የሚባለው፣ ጥርስ የሚመስለው ክፍል ይቀመጣል። ሰው ሲስቅ የሚታየው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ብሎኗን አጥንቱ ላይ የሚያጣብቅ ሙጫም ሆነ ሲሚንቶ የለም። የሚይዛት አጥንቱ ራሱ ነው። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ አጥንት እንዴት እንደሚድን ለማየት ፈልጎ ጥንቸሎች እግር ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ አስገባ። ጥናቱን ጨርሶ መመልከቻውን ላውጣ ቢል እምቢ አለው። አጥንቱ ብረቱን ይዞት ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ ለሌለው ሰው ተጠቀመበት። የዚያ ሰው ኢምፕላንቶች እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ከ40 ዓመት በላይ አገለገሉት።

አጥንት ሕይወት አለው። ይህን መርሳት የለብንም። ብሎኗ በገባችበት ቀን የሚይዛት እንደማንኛውም ብሎን ጥርሶቿ መቆንጠጣቸው ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግን የአጥንት ሴሎች ወደ ብረቱ እየተጠጉ በዙሪያው አዲስ አጥንት ይሠራሉ። በታችኛው መንጋጋ ይህ 3 ወር ገደማ ይወስዳል። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ሳሳ ስለሚል እስከ 6 ወር ሊጠበቅ ይችላል።

አጥንቱ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐኪሙ ለብሎኗ ቀዳዳ ሲያበጅ መሰርሰሪያው ላይ ያለማቋረጥ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ይፈስሳል። ለአፍታ ይሰረስራል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይሰረስራል። ምክንያቱም አጥንት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ለ1 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ይጎዳል። ትኩስ ሻይ ከዚያ ይበልጣል። የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብሎን አይዝም።

ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ስኳራችሁ ቢጠይቅ፣ ስለ ሲጋራ ቢጠይቅ፣ ከዓመታት በፊት ስለ ወሰዳችሁት መርፌ ቢጠይቅ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ይህ አጥንት ብሎኗን ተቀብሎ፣ ዓመታት ይዞ መቆየት ይችላል ወይ?

አጥንቱ አለ ወይ?

ጥርስ ሲነቀል የሚጠፋው ጥርሱ ብቻ አይደለም። በዙሪያው የነበረው አጥንትም ሥራ ይፈታል። ስናኝክ በሥሩ በኩል ይደርሰው የነበረው ጫና ይቀራል፣ ሰውነትም የማይሠራውን አጥንት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ጥርስ በተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ስፋት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ10 ዓመት በፊት ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ምላሱን በቦታው ላይ ቢያስኬድ ጉድጓዱ ይታወቀዋል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ በቁጥር እንየው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ብሎን ከፊትም ከኋላም ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር አጥንት ሊከባት ይገባል። የተሻለው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አጥንቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የቀረው ሰው ላይ ዝም ተብሎ አይተከልም።

ጥልቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ፣ ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር ዝቅ ብሎ፣ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ብሎኗ ከዚያ ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለባት። ነርቩ ከተነካ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፣ አንዳንዴም ድንዛዜው አይለቅም። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ከኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ክፍተት አለ። ጥርስ ከወጣ በኋላ ይህ ክፍተት ወደ ታች እየሰፋ ይመጣና በመካከል የሚቀረው አጥንት ቀጭን ንጣፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ በዓይን አይታይም። በተራ ኤክስሬይም ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ ተራ ኤክስሬይ ቁመቱን እንጂ ስፋቱን አያሳይም። ለዚህ ነው የመንጋጋ ሲቲ ስካን የሚታዘዘው። ሐኪሙ ስካኑን ኮምፒውተር ላይ እየቆራረጠ ያየዋል፣ ሚሊ ሜትሩን ይለካል፣ ነርቩ የት እንዳለ ምልክት ያደርጋል። እኔ በግሌ፣ ምንም ምስል ሳይነሳ አፌን ከፍቶ አይቶ ብቻ «ይቻላል፣ ነገ ና» ለሚለኝ ሰው አፌን አላበድርም።

አጥንቱ ካነሰ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። አጥንት ይጨመራል። ከራሳችሁ ሰውነት ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ከሰው ወይም ከእንስሳ አጥንት ተጣርቶ የተዘጋጀም አለ፤ በላቦራቶሪ የተሠራም አለ። ለላይኛው መንጋጋ የሳይነሱን ሽፋን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፍቶ በሥሩ አጥንት መሙላት የተለመደ ሥራ ሆኗል። ዋጋው ጊዜ ነው። አጥንቱ እስኪጠነክር ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር መጠበቅ ይኖራል። አጭር ወይም ቀጭን ኢምፕላንት የሚበቃበትም ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል ላድርግ፤ ለብዙ ሰው የሚደርሰው ዘግይቶ ነውና። ገና ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነ፣ ከመነቀሉ በፊት «ወደፊት ኢምፕላንት ላስገባ እችላለሁ፣ አጥንቱን ማቆየት ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥርሱ በወጣበት ሰዓት ጉድጓዱን በአጥንት ዱቄት ሞልቶ መዝጋት መሳሳቱን ይቀንሰዋል። ከዓመታት በኋላ ከሚመጣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያድናል።

ዕድሜ፦ ትልቅነቱ አይከለክልም፣ ልጅነቱ ግን ይከለክላል

ለኢምፕላንት ከዚህ ዕድሜ በላይ አይሆንም የሚባል ጣሪያ የለም። በ80ዎቹ ውስጥ ያሉ ሰዎች አስተክለው በደንብ ይይዝላቸዋል። የሚታየው የጤናቸው ሁኔታ ነው። ትልልቆቻችንን «ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል» ብሎ መመለስ በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው። በደንብ ያላኘከ ሰው በደንብ አይበላም። ጠንከር ያለውን ምግብ እየተወ፣ ለስላሳውን ብቻ እየመረጠ ሰውነቱን ይጎዳል።

ወለሉ ግን አለ። የ14 ዓመት ልጅ ከብስክሌት ወድቆ የፊት ጥርሱ ቢወልቅ ወላጆች ቶሎ እንዲተከልለት መፈለጋቸው ያለ ነው። የልጅ መንጋጋ ግን ገና እያደገ ነው። የተፈጥሮ ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር አብረው ይወርዳሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። ኢምፕላንት ከአጥንቱ ጋር ስለተጣበቀ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ልጁ 20 ሲሞላው ያ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ወደ ላይ ቀርቶ አጭር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለሴቶች ወደ 18 ዓመት፣ ለወንዶች ደግሞ ወደ 20 ወይም 21 ዓመት ድረስ ይጠበቃል። እስከዚያ የሚወልቅ ወይም ጎረቤት ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረግለታል።

ስኳር ያለበት ሰው

ይህ ብዙ ሰው በከንቱ ተስፋ የሚቆርጥበት ነው። ስኳር በሽታ ስላለ ብቻ ኢምፕላንት አይቀርም። ጥያቄው ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ነው ወይ ነው።

ስኳር ሲበዛ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ቁስል ቶሎ አይድንም። ኢንፌክሽን ይቀናል። አዲስ አጥንት የመሥራቱም ሥራ ይዘገያል። ሐኪሙ የሚያየው በዚያ ቀን ጠዋት የተለካውን ስኳር ብቻ አይደለም። ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ የሚባለውን ምርመራ ይፈልጋል። ውጤቱ 7 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሥራው ይቀጥላል። ከ8 በላይ ከሆነ ብዙዎች «መጀመሪያ ይህን እናውርድ» ይላሉ። የእኚያ የ72 ዓመት እናት ክትትል እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ሲጋራ

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኢምፕላንቱ የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኒኮቲን የድድን ደም ሥሮች ያጠባል። ቁስሉ የሚፈልገው ደምና ኦክስጅን አይደርስለትም። አንዳንድ አጫሽ ድዱ ታምሞ እንኳ ብዙም አይደማም። «ድዴ ጤነኛ ነው» ብሎ ያስባል። ግን ያልደማው ደም ስላነሰው ሊሆን ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ማቆም የማይሆንለት ሰው ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው 1 ሳምንት በፊት አቁሞ እስከ 8 ሳምንት በኋላ ድረስ እንዲታገስ የሚመክሩ አሉ። ከምንም ይሻላል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ማቆም ነው፤ ጉዳቱ ብሎኗ ከያዘች በኋላም ይቀጥላልና። ሺሻም ከዚህ ውጭ አይደለም፣ ጭስ ጭስ ነው።

መድኃኒቶች፦ የረሳችሁትን ሁሉ አስታውሱ

ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች፣ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል ኪኒን አለ። በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ። በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ዴኖሱማብ አለ። ካንሰራቸው ወደ አጥንት የተሠራጨ ሰዎች ደግሞ ከእነዚሁ አንዳንዶቹን በጣም ከፍ ባለ መጠን ይወስዳሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች አጥንት የሚፈርስበትን ሂደት ያዘገያሉ። ለወገብና ለዳሌ አጥንት መልካም ነው። ነገር ግን የተጎዳ አጥንት የሚድነው አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ሲተካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሐኪሞች ያስተዋሉት አንድ ችግር አለ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ጥርስ ሲነቀልላቸው ወይም መንጋጋቸው ሲነካ ቁስሉ ሳይድን ይቀራል፣ የመንጋጋው አጥንት በድኑ ወጥቶ ይታያል።

አትደንግጡ። ለአጥንት መሳሳት በአነስተኛ መጠን ለሚወስዱት ይህ የሚደርሰው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው፣ ብዙዎቹም ተመዝኖ ኢምፕላንት ይገባላቸዋል። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ለሚወስዱት ግን አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም። ከባዱ ነገር መደበቁ ወይም መረሳቱ ነው። «መርፌውን ካቆምኩ 2 ዓመት ሆነኝ» ብላችሁ አትለፉት። አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። በራሳችሁ ውሳኔ ማቋረጥም ልክ አይደለም። ዴኖሱማብ ድንገት ሲቋረጥ የጀርባ አጥንት የሚሰበርባቸው ሰዎች አሉ። ይህን የጥርስ ሐኪሙና መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑት።

ደም ማቅጠኛም እንዲሁ ነው። አስፒሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ የሚወስድ ሰው ኢምፕላንት ሊገባለት ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ይዘጋጅበታል፣ ደሙ የሚረጋበትን ፍጥነት ያስለካል። ቀጠሮው ሲደርስ «እንዳይደማብኝ» ብሎ በገዛ እጁ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ግን ለአንድ ጥርስ ብሎ ራሱን ለስትሮክ ያጋልጣል።

የራስና የአንገት ካንሰር ኖሮት በጨረር የታከመ ሰውም መንገር አለበት። ጨረር የመንጋጋን የደም ሥሮች ያመነምናል። መጠኑ ከ50 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ካለፈ ጥንቃቄው በጣም ይጨምራል። ምን ያህል ጨረር እንደተሰጠና መንጋጋው የት ቦታ እንደተነካ የሚያሳየውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ድድ የሚደማበትና ጥርስ የሚያፋጭ

ኢምፕላንት ብረት ስለሆነ አይቦረቦርም። ይህ እውነት ነው። በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሥጋና አጥንት ነው። የተፈጥሮ ጥርስን አነቃንቆ የጣለው የድድ በሽታ ኢምፕላንቱንም ይመጣበታል። ባክቴሪያው ያው አፍ ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ ድዱ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ከዚያ ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ክፋቱም ይሄ ነው። ሰው የሚያውቀው ብሎኗ መነቃነቅ ስትጀምር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ጥርሳችሁን ያጣችሁት በአደጋ ነው ወይስ በመነቃነቅ? ሐኪሙ ይህን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በድድ በሽታ ያጣ ሰው አይከለከልም። ድዱ አስቀድሞ መታከም አለበት፣ ከዚያም በየ3 ወይም በየ6 ወሩ እየተመላለሰ የሚጸዳለት መሆን አለበት።

ማፋጨቱ ሌላ ነገር ነው። የተፈጥሮ ጥርስ አጥንቱን በቀጥታ አይነካውም። በመካከላቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ጅማት አለ። እንደ ትራስ ነው። ጠጠር ሲነከስ «ኧረ!» የሚያሰኘንም እሱ ነው፣ ስሜት አለው። ኢምፕላንት ይህ ትራስ የለውም። ማታ ተኝቶ የሚያፋጭ ሰው የሚያሳርፈው ጫና በቀጥታ ወደ ብሎኗና ወደ አጥንቱ ይሄዳል። ክራውኑ ሊሰነጠቅ፣ ማያያዣው ሊላላ፣ አንዳንዴም ብሎኗ ልትሰበር ትችላለች። ጠዋት መንጋጋችሁ ደክሞት፣ ሰረሰራችሁን ይዟችሁ የምትነሱ ከሆነ ንገሩ። ማታ የሚነከስ የፕላስቲክ መከላከያ ይሠራላችኋል፣ የብሎኖቹ ቁጥርና አቀማመጥም ያንን ታስቦ ይወሰናል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። እርጉዝ ሴት እስክትወልድ ትቆያለች፤ የማያስቸኩልን ቀዶ ሕክምናና ምርመራ ማቆየት ይሻላል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ በቅርቡ የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይጠብቃል። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰውም ሕክምናውን እስኪጨርስ ይቆያል። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድና የሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅም የተስተካከለ ከሆነ ማንም ሊከለክለው አይገባም።

እጅም ይታያል

ይህን ብዙዎች አይጠይቁትም፤ እኔ ግን ከአጥንቱ እኩል አየዋለሁ። ኢምፕላንቱን ማን ነው የሚያጸዳው? ቀጭን ብሩሽ ወይም የጥርስ ክር በክራውኑ ሥር ማስገባት ጣት ይፈልጋል። ጣቶቹን ቁርጥማት ያጠፋቸው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የመርሳት ችግር የጀመረው ሰው ላይ ሙሉ ቋሚ ጥርስ ቢተከል ከ5 ዓመት በኋላ ምን ይሆናል?

ለእንዲህ ያለ ሰው ደስ የሚል መካከለኛ መንገድ አለ። የታችኛው መንጋጋ ላይ 2 ብሎኖች ብቻ ይገባሉ። በላያቸው እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚገጠም፣ ማታ የሚወልቅ ጥርስ ይሠራል። ሲበላ አይንሸራተትም። ሲጸዳ ወልቆ በእጅ ይታጠባል። የሚያስታምም ሰውም ቢሆን ሊያጸዳለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የታችኛው ጥርሱ በሙሉ ለወለቀ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባል ብለው ነበር።

ኢምፕላንት የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። የጎደለው ጥርስ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውኑ ተሞልተው ክራውን የሚፈልጉ ከሆኑ፣ ሦስቱን የሚያያይዝ ብሪጅ የሚባል ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶ ቶሎ ያልቃል፣ ቀዶ ሕክምናም የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሥር ሕክምና ወይም በድድ ሕክምና ሊድን የሚችል ጥርስ ነቅሎ ኢምፕላንት ማስገባት አይመቸኝም። የራስን ጥርስ ያህል የሚሆን ነገር እስካሁን አልተሠራም።

ስትሄዱ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ያዙ፤ ስሙን ለማስታወስ አትታገሉ። የቅርብ ጊዜ የስኳር ውጤት ካለ ያዙ። ከዚያ ሐኪሙን ጠይቁ። አጥንቴ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ስካኑን አሳየኝ። ከነርቩ ምን ያህል ይርቃል? አጥንት መጨመር ካስፈለገ አጠቃላዩ ስንት ወር ይፈጃል? ሌላስ ምን አማራጭ አለኝ? ከተተከለ በኋላ በየስንት ጊዜው ልምጣ? ቢከሽፍስ?

የመጨረሻው ጥያቄ ሊያሳፍራችሁ አይገባም። በደንብ ተመርምሮ በተመረጠ ሰው ላይ ከተተከሉ 100 ኢምፕላንቶች ወደ 95 የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም ቦታቸው ላይ ናቸው። የቀሩት ጥቂቶች አሉ። ብሎኗ ካልያዘች ትወጣለች፣ አጥንቱ ይድናል፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይሞከራል።

ወደዚያ የ34 ዓመት ወጣት እንመለስ። «አይሆንልህም» የሚል ወረቀት አይሰጠውም። የሚሰጠው ቀጠሮ ነው። መጀመሪያ ድዱ ይታከማል። ሲጋራውን ማቆም ይጀምራል። ለማታ መከላከያ ይሠራለታል። ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ጋደም ይላል፣ ሐኪሟ በቀጭን መለኪያ ድዱን ዙሪያውን ትነካካለች። ካልደማ ስካኑ ይታዘዛል።